ሽቦ ስቆጥር የኖርኩባቸው ዓመታት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ለስላሳና ዳቦ አቅርቦ ሸኘኝ። «እስቲ ጥቂት ንግግር አድርጊ» ሲሉኝ ተነሥቼ «ከእናንተ ጋር በመሥራቴ ደስ ብሎኛል፤ የወተት ታንኩን ስታጥቡ መቆጣጠሪያው ላይ ውኃ አትርጩ» ብዬ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ግን የውኃውን ነገር የምሬን ነበር። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ካወለቅኩ በኋላ ነው ሌላም ብዙ የምለው እንደነበረኝ የገባኝ። ያን ቀን ያልተናገርኩትን እነሆ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሥራዬ የመዳብ ሽቦ መጠቅለል ነበር። ሞተርም ሆነ ትራንስፎርመር ሆዱ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አለው። ሽቦው ሲቃጠል ዕቃው ይሞታል። አሮጌውን ዙሩን እየቆጠሩ መፍታት፣ በዚያው ልክና በዚያው አቅጣጫ አዲስ መጠቅለል ነው፤ ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም። በርሜል በሚያክል የፋብሪካ ሞተር ጀምሬ የክብሪት ቀፎ በሚያክል ትራንስፎርመር ጨረስኩ። ዛሬ ያሉት ልጆች ቦርዱ ሲቃጠል ሁለት ብሎን ፈትተው አዲስ ቦርድ ይገጥማሉ። ልክ ናቸው፤ ይፈጥናል። አልከፋኝም። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ግን አዲሱ ቦርድ አልነበረም፤ ሽቦው ነበር።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተመደብኩት ሰበታ፣ አንድ የክር ፋብሪካ ነው። የጥገና ኃላፊው ወረቀቴን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ «ሴት ልጅ ሞተር አትጠቀልልም» ብሎ ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጠኝ። ስድስት ወር ጓንትና ሳሙና ሳድል ቆየሁ። አንድ ቀን የሞተር ጥቅለላ ክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ዳባ ሽቦ ሊወስዱ መጡ። አጠር ያሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ያኔውኑ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። እኔ የተተረተረ ሽቦ ወደ ማጠንጠኛው እየመለስኩ ነበር። ቆመው አዩኝ፤ ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ለምንድን ነው ቀስ ብለሽ የምትጠቀልይው?» አሉ።

«ሲቆለመም ሽቦው የተቀባው ቫርኒሽ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ ሽቦው እርስ በርሱ ይነካካል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። የተሰነጠቀውን አይቼ ነው።»

ከሳምንት በኋላ እሳቸው ክፍል ተዛወርኩ። ከጥገና ኃላፊው ጋር ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኦቦ ዳባ ብዙ አያስተምሩም ነበር፤ ልማድ ነበራቸው። ሽቦ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ ላብና ቅባት ቫርኒሹን ይጎዳል ባይ ናቸው። የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላቸው ከመክፈታቸው በፊት ባለቤቱን «ሲሞት ምን እያደረግህ ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ አፍንጫቸውን ያስጠጋሉ። የተቃጠለ ቫርኒሽና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታቸው አንድ እንዳልሆነ ያወቅኩት ከሳቸው ነው። ሲቆጥሩ አይናገሩም። ጣሪያው ቢወድቅም አይናገሩም። ቆጠራው በኦሮምኛ ነው፤ ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ እያሉ። አሥር በሞላ ቁጥር ከግራ ሳህን ወደ ቀኝ ሳህን አንዲት የባቄላ ፍሬ ያሻግራሉ። እኔም ቆጠራውን ከሳቸው ስለተማርኩ ሌላ ነገር በአማርኛ ብቆጥርም ሽቦ የምቆጥረው በኦሮምኛ ብቻ ነው።

ፋብሪካው ወደ ሌላ ባለቤት ሲዛወር ሠራተኛ ተቀነሰ። እኔም ከተቀነሱት ነበርኩ። ኦቦ ዳባ ቀደም ብለው ጡረታ ወጥተው ቡራዩ ላይ አንዲት የጥገና ሱቅ ከፍተው ስለነበር «ኢንተላ ኮ፣ ነይ» ብለው ላኩብኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ሞተሩ ቀርቶ ዘመኑ የትናንሽ ዕቃ ሆኖ ነበር። ቴሌቪዥኑም፣ ዲኮደሩም፣ ቻርጀሩም ውስጡ ያለው ኃይል አመጣጣኝ፣ ፓወር ሰፕላይ የሚሉት፣ ተለውጧል። የድሮው ትራንስፎርመር ከባድ ብረት ነበር። አዲሱ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያበራና እያጠፋ ስለሚልከው ትራንስፎርመሩ በጣት የሚያዝ ሆነ። ከላይ የሚሸፍነው ጥቁሩ ፌራይት እንደ ሸክላ ይሰበራል፤ ሁለቱ ግማሾች የተያያዙትም በሙጫ ነው። ኦቦ ዳባ ስድሳን አልፈው ይህን እንደ አዲስ ተማሩት። ትራንስፎርመሩን በድስት ውኃ ይቀቅሉታል፤ ሙጫው ሲላላ በጨርቅ ይዘው ግራ ቀኝ እያባበሉ ይለያዩታል። አንዲት ደንበኛ ገብታ «እንቁላል ነው?» ብላ ስትጠይቅ «አዎ፣ ግን አይበላም» ብለው መለሱላት። ሲቀልዱ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

አሁን የምጽፈውን ብተወው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እሱን ትቼ ሌላውን ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ከሱቃችን ሁለት በር አልፎ እትዬ ዘይነብ ነበሩ። ስኳር፣ ዱቄትና ዘይት ይሸጣሉ። በዒድ ሰሞን የኤሌክትሪክ ሚዛናቸው ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ። ገበያው ደርቷል፤ ሰው ተሰልፏል። ኦቦ ዳባ ለቅሶ ተጂ የምትባል ከተማ ሄደዋል። ትራንስፎርመሩን ፈታሁ፣ ቆጠርኩ፣ ጠቀለልኩ። ከመስመር የሚገባው ኃይል ያለበት ሽቦ እና ወደ ሚዛኑ የሚወጣው ሽቦ እንዳይነካኩ በመካከላቸው ሦስት ዙር ቢጫ ቴፕ ይደረጋል። ቴፑ አልቆብኝ የቀረው ለአንድ ዙር ብቻ የሚበቃ ነበር። ሌላ ለመግዛት አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል። አንድ ዙር አድርጌ ገጠምኩት። ሚዛኑ ሠራ። እትዬ ዘይነብ መረቁኝ።

በአራተኛው ቀን ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ቴፑ ተበስቶ የመስመሩ ኃይል ወደ ሚዛኑ የብረት ሳህን አልፏል። እትዬ ዘይነብ በእርጥብ እጃቸው ሳህኑን ሲይዙ ወርውሯቸው ከመደርደሪያው ጋር ተላትመዋል። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ወደ ሐኪም ቤት ሲወሰዱ ሰዉ «ምን ሆኖ ነው?» ሲል እኔ «ኃይል ጨምሮ መጥቶ ይሆናል» አልኩ። ከአፌ እንዴት ቀድሞ እንደወጣ አላውቅም። ሰዉም አመነኝ።

ኦቦ ዳባ በማግስቱ ተመልሰው ሚዛኑን ፈቱት። ቴፑን በጥፍራቸው ላጡት።

«ስንት ዙር ነው ያደረግሽው?»

«አንድ።»

«የሚደረገው ስንት ነው?»

«ሦስት።»

አልተቆጡም። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና «ሂጂ ንገሪያቸው» አሉኝ።

«ምን ብዬ?»

«ስንት እንዳደረግሽ።»

እትዬ ዘይነብ ቤታቸው እጃቸው በጄሶ ታስሮ ተቀምጠዋል። ትልቁ ልጃቸው አጠገባቸው ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። «ኃይል ጨምሮ አይደለም። ሦስት መደረግ የነበረበትን አንድ ብቻ አድርጌ ነው። ቴፕ አልቆብኝ ነበር። የተጎዱት በኔ ነው።» ልጃቸው ብድግ ብሎ «ውጪ ከዚህ» አለኝ። ለመውጣት ዞርኩ።

«ተዋት» አሉት እትዬ ዘይነብ። ወደ እኔ ዞሩ። «ሚዛኑ የት ነው?»

«ሱቅ አለ።»

«ሦስት አድርጊበትና አምጪው።»

«ሌላ ሰው ቢሠራልዎት ይሻላል።»

«ሌላው ሰው ስንት እንደሚያደርግ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

ሠርቼ መለስኩት። አንጓቸው ግን ጠሞ ቀረ። ቡራዩ እስከነበርኩ ድረስ ስኳር በግራ እጃቸው ሲጨልፉ አያቸው ነበር። ይቅር ብለውኛል፤ ደጋግመው ነግረውኛል። ማየቱ ግን አልቀለለኝም፤ እንዲቀልም አልፈለግኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢጫ ቴፕ ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም።

ኦቦ ዳባ ዓይናቸው ሲደክም ሱቁን ዘግተው ተጂ ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም አረፉ። እኔ ሱሉልታ አንድ የወተት ማሰባሰቢያ ጣቢያ የጥገና ሠራተኛ ፈልጎ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ብዙ አልነበረም፤ ሥራው ግን ደስ ይላል። ገበሬዎቹ ጧት ጧት ወተታቸውን ያመጣሉ፤ ወተቱ በትልቅ የብረት ታንክ ይቀዘቅዛል፤ መኪና አዲስ አበባ ይወስደዋል። ባለቤቴ ከበደ ሰበታ አስተማሪ ስለሆነ እኔ ሱሉልታ ክፍል ተከራይቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሣው እዚያ እያለሁ ነው። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ መሬታችን ሊሄድ ነው የሚለው ስጋት ከየወተት ጣሳው ጋር አብሮ ይገባ ነበር። ገበሬዎቹ ወረፋ ይዘው የማን መሬት እንደተለካ ያወራሉ። ከዚያ መንገድ መዘጋት ጀመረ። ሱሉልታም፣ ቡራዩም፣ ሰበታም እንዲሁ ነበር። አንድ ጊዜ መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘጋ፤ ስልክም ጠፋ። የወተት መኪናው አዲስ አበባ ቀረ። ላሞቹ ግን መታለባቸው አልቀረም። ታንኩ ከግማሽ በላይ ሞላ። ወተቱ እስከቀዘቀዘ ድረስ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።

በሁለተኛው ቀን ጧት የታንኩ መቆጣጠሪያ ሞተ።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ንጉሤ ሮጦ ጠራኝ። ከጎንደር መጥቶ እዚያ ብዙ ዓመት የሠራ ጨዋ ሰው ነው፤ በዚያ ሰሞን ግን እንግዳ ነህ እንዳይሉት ፈርቶ ከግቢው አልወጣም ነበር። መቆጣጠሪያውን ከፈትኩት። ሽታው የቫርኒሽ ነው። ከአንዲት ትንሽ ትራንስፎርመር ሦስት ዓይነት ቮልቴጅ ስለሚወጣ እዚያ ጣቢያ ያለ ሌላ ፓወር ሰፕላይ አይተካትም። ማቀዝቀዣውን በቀጥታ አገናኝቼ አስነሣሁት፤ ወተቱን የሚያማስለው ሞተር ግን ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያው ቦርድ ነው። ካልተማሰለ ወተቱ ከታች በረዶ ይሠራል፤ ከላይ ይሞቃል።

«ስንት ሰዓት አለን?» አለኝ አቶ ንጉሤ።

«የሚያማስል ሰው ካለ፣ እስከ ማታ።»

የታንኩ ረጅም የብረት መቅዘፊያ በፈላ ውኃ ታጠበ። መጀመሪያ የያዙት ኦቦ ጉተማ ናቸው። አራት ላም ያላቸው፣ በዚያው ሰሞን መሬታቸው የተለካባቸው ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ቶሎሳ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ወጥቶ ከትናንት ጀምሮ አልተመለሰም። «ቤት ከምቀመጥ እዚህ ላማስል» አሉ። ሌሎቹም እየተቀባበሉ ያግዟቸው ጀመር።

እኔ ትራንስፎርመሯን ቀቀልኩ። ፌራይቱ ሳይሰበር ተለያየ። ከላይ ያሉት ሦስቱ ጥቅሎች ደህና ስለሆኑ በየተራ ፈትቼ በወረቀት ላይ አቅጣጫቸውን ጻፍኩ። ከሥር ያለው ዋናው ጥቅል ከስሏል፤ ዙሩ ሰባ ሁለት ነው። ለሱ የሚሆን ቀጭን ሽቦ ፍለጋ ዕቃ ቤቱን ገለበጥኩት። በመጨረሻ የአሮጌ ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል ባላስት፣ ሽቦ የተጠቀለለበትን ማስነሻውን፣ አገኘሁ። ፈልቅቄ ስፈታው አብዛኛው ሽቦ ቫርኒሹ ተሰነጣጠቀ። ያልተነካ ሆኖ የተረፈኝ ለአንድ ጊዜ ጥቅለላ የሚበቃ ብቻ ነው። ከተሳሳትኩ ሌላ የለም።

እጄን ታጠብኩና በር አጠገብ፣ ብርሃን ያለበት ተቀመጥኩ። ቆጠራ ጀመርኩ።

አርባ ላይ ስደርስ የግቢው በር ተደበደበ። ስድስት ሰባት ወጣቶች ገቡ፤ ዱላ የያዙም ነበሩ። አቶ ንጉሤ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ።

«ዛሬ ሥራ የለም አልተባለም እንዴ?» አለ ከፊት ያለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

አፌ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ካቋረጥኩ ይጠፋል። «አፉርተሚ ሰዲ» አልኩ፤ አርባ ሦስት።

«አንቺን ነው የማናግረው።»

«አፉርተሚ አፉር።» ሽቦውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩት።

ኦቦ ጉተማ መቅዘፊያውን ሳይለቁ «እየቆጠረች ነው፤ ቆዩ» አሏቸው በኦሮምኛ። «ታንኩ ውስጥ ያለው እናቶቻችሁ ያለቡት ወተት ነው። እሷ ከሳተች ይደፋል። ቁጭ በሉ።»

አልተቀመጡም። ግን ባሉበት ቆሙ። ያናገረኝ ልጅ አፌን እያየ መሆኑን ከጎን ታየኝ። እኔ ቆጠርኩ። ግቢው ውስጥ ወተቱ ሲማሰልና እኔ ስቆጥር ብቻ ነበር የሚሰማው። አምሳን አለፍኩ፤ ስድሳን አለፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ረዝሞብኝ የቆጠርኩት ነገር የለም።

«ቶርባተሚ ለመ» አልኩ። ሰባ ሁለት ሞላ። ጫፉን በቴፕ ያዝኩና ቀና አልኩ። «አሁን ጠይቀኝ፣ ልጄ።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ጥቅሉን አየ። «ጨረሱ፣ እናቴ?» አለ።

«ገና ነኝ። ሦስት ዙር ቴፕ ይቀራል፤ ከዚያ የላዮቹ አሉ።»

«የኛም ቤት ወተት እዚህ ነው ያለው» አለ ሌላው ከኋላ።

ኦቦ ጉተማ ያኔ ነው የጠየቁት። «ቶሎሳን አይታችሁታል?»

«ደህና ነው፣ አባባ። ላይኛው መንገድ ላይ ነው፤ አሁን ነው ትተነው የመጣነው።»

ሽማግሌው መቅዘፊያውን ለመለሰላቸው ወጣት አቀበሉትና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ከወጣቶቹ አንዱ አቶ ንጉሤን ከላይ እስከ ታች ሲያየው ኦቦ ጉተማ «የኛ ሰው ነው» አሉ፤ በዚያው አበቃ። ልጆቹ በየተራ እያማሰሉ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ትራንስፎርመሯን መልሼ በየድኳት። የተቃጠለውን ፊውዝና ትራንዚስተርም ለወጥኩ። በቀጥታ ወደ መስመሩ አላገናኘሁትም፤ መሐል ላይ አንድ የመቶ ዋት አምፖል አስገባሁ። የሆነ ቦታ ሽቦ ከተነካካ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፤ ደህና ከሆነ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አበራሁት። አምፖሉ ቦግ አለ።  ቀስ ብሎ ደበዘዘና ጠፋ። ከዚያ በቴስተር ኃይሉ ወደ ታንኩ እንደማያልፍ ለካሁ፤ ደግሜም ለካሁ። ሰው ከመንካቱ በፊት ታንኩን የነካሁት እኔ ነኝ፤ ኃይል ቢኖር እጄ እንዳይጨብጠው በእጄ ጀርባ።

«መቅዘፊያውን አውጡት» አልኩ።

ማማሰያው ዝግ ብሎ መዞር ጀመረ። ማንም አላጨበጨበም። ኦቦ ጉተማ ጎንበስ ብለው ወተቱ ሲዞር ብዙ ጊዜ አዩና «እሱስ አይደክመውም» አሉ።

በማግስቱ ጧት መንገዱ ተከፈተ፤ መኪናውም መጣ። ወተቱ ተለክቶ ደህና ነው ተባለና ተጫነ። እኔም ሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከዚያ በታክሲ ሰበታ ደረስኩ። ቤቴ ተቆልፏል። ጎረቤቴ «ከበደ አንቺን ፍለጋ ሱሉልታ ሄዷል፤ በሌሊት ነው የወጣው» አለችኝ። ስልክ አሁንም አይሠራም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ ከአደጋ ወጥቼ እሱን አደጋ ውስጥ የከተትኩት መስሎኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መንገድ መንገዱን ሳይ ዋልኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የግቢው በር ተከፈተ። ከበደ ነው፤ ጫማው አቧራ ለብሷል፤ በእጁ ትንሽ ጀሪካን ይዟል። ሲያየኝ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነሽ እዚህ?»

«ከስድስት ሰዓት።»

ጀሪካኑን አስቀምጦ አጠገቤ ተቀመጠ። 

«ገሚሱን በእግሬ ነው የሄድኩት» አለኝ። «ጣቢያው ስደርስ ‹አሁን ሄደች› አሉኝ። አንድ ሽማግሌ ግን እጄን ይዘው ካላየህ አትሄድም ብለው ታንኩ ጋ ወሰዱኝ። መቆጣጠሪያውን አስከፍተው በጣታቸው አሳዩኝ። ‹ይህን የሠራችው ሚስትህ ናት› አሉኝ።»

«ምን መሰለህ?»

«ምንም አልገባኝም። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ሥራሽን አይቼው እንደማላውቅ ብቻ ነው የገባኝ።» ጀሪካኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ይህን ስጣት አሉኝ።»

ገብተን ወተቱን አፈላን። አልተበላሸም። ሁለት ሁለት ብርጭቆ ጠጣን።